«እንጠራዎታለን» የተባሉት መጋቢ

ጡረታ ከወጣ ሰባኪ የከፋ አደገኛ ፍጡር በምድር ላይ የለም። ወታደር ጡረታ ሲወጣ ጠመንጃውን ያስረክባል፤ ሾፌር ቁልፉን ይመልሳል፤ ዳኛም ካባውን አውልቆ እንደማንኛችን በመንደር ሐሜት ላይ ይፈርዳል። ሰባኪ ግን መሣሪያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰላማዊው ሕዝብ መሃል ይለቀቃል። ትንሽ ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋባትም። ለእኛዋ የደረሷት ክቡር መጋቢ ላጠቃልል ነበሩ።

ይህን ማዕረግ ቤተ ክርስቲያናቸው አልሰጠቻቸውም፤ የቀባናቸው እኛ ነን። ስብከታቸው ሲጋጋል መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ ወገኖቼ፣ ላጠቃልል» ይላሉ። አዲስ ሰው ይህን ሰምቶ ለመሄድ ቦርሳውን ይሰበስባል። ነባሩ ምእመን ግን ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ ያለቀው መግቢያው ነዋ!

ጡረታ ሲወጡ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤ ስጦታው ትንሽ ዘገየ። በቦታቸውም ጊታር የሚጫወት፣ ስብከቱን ከስልኩ ላይ የሚያነብ ወጣት ፓስተር ተተካ። እሳቸውም ወደ እኛ ተለቀቁ። መድኃኒት ቤት የተሰለፈውን በሽተኛ ስለ ትዕግሥት ሰበኩት፤ ተራው አለፈው። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጺማቸውን ላጭቶ፣ ምላጩን እንደያዘ ስለ ዘላለም ሕይወት ሲያዳምጥ ሳሙናው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«መጋቢ፣ ሌላኛው ጉንጭዎስ?» ቢላቸው፣

«አዞርልሃለሁ ልጄ፣ ታዝዣለሁ» አሉት።

እኔ ቤተ ክርስቲያን የምረግጥ ሰው አይደለሁም። ቤታችን ግን ግድግዳ ስለሚጋራ ስብከቱ እስከ አልጋዬ ድረስ ይመጣልኝ ነበር። ካልሲያቸውን ሲፈልጉ እንኳ በምዕራፍ ከፋፍለው ነው።

ከዚህ ሁሉ ወሬ በታች ግን ክቡርነታቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንድ እሁድ። ከመሞታቸው በፊት አንዴ ያንን መድረክ መውጣት። በየሳምንቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወጣቱ ፓስተር ቢሮ በር ላይ ይቆማሉ።

«ልጄ፣ ጥሪ የለም?»

«እንጠራዎታለን አባታችን።»

«እንጠራዎታለን» ምን ማለት እንደሆነ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። «ሂድ» ማለት ነው፣ ከረባት አስሮ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃልን እንደ ቃል ሲያምኑ የኖሩ ናቸውና አመኑት። ቤታቸው ገብተው የሚጠራቸውን ድምፅ ማዳመጥ ጀመሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስለ ኩላሊታቸው እየተረኩልኝ ሳለ ድንገት ቀና ብለው «አቤት!» አሉ።

«ማን ጠራዎት?»

«አልሰማህም? ከመንገዱ ማዶ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ ያለው የተዘጋ ወፍጮ ቤት ብቻ ነው።

«ጆሮዎን ይታዩ» አልኳቸው። ታዩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መርምራ «የጎረምሳ ጆሮ ነው» ብላ መለሰቻቸው።

የሰፈሩ ሰው ግን መንሾካሾክ ጀመረ፤ ባለቤቱ ያልታየ ድምፅ ሲጠራ አቤት አይባልም፣ አቤት ያለውን ይዞት ይሄዳል እያለ። ይህን እምነት መጋቢ ራሳቸው ከመድረክ ላይ ሲወቅጡት የኖሩት ነው። «ሲጠሩኝ ዝም የምል ባለጌ ነኝ እንዴ?» ብለው አቤታቸውን ቀጠሉ።

ድምፁም መቅረብ ጀመረ። ከወፍጮ ቤቱ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ በረንዳው። እኔም እንደ ልማዴ፣ «በዚህ አያያዙ ሳሎን መግባቱ ስለማይቀር ወንበር ያሰናዱለት» አልኩ። አልሳቁም።

«በስሜ ነው የሚጠራኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ስምዎን ማን የማያውቅ አለ?»

«በዚህኛው አይደለም። እናቴ ትጠራኝ በነበረው ነው። እሱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም።»

በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ዘበኛው ፈጽሞ አይሰማም፤ ልጆች ከኋላው ቆርቆሮ ሲደበድቡ እንኳ ዓይኑን አያርገበግብም። እኛ ዝም ባልንበት ሰዓት ይህ ሰው አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ በረንዳው ጥግ አዞረ። መጋቢ «አቤት» ያሉት ከእሱ ቀጥለው ነው። እኔ ምንም አልሰማሁም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ግን በዚያ ድምፅ መቀለድ ተውኩ።

ልብስ ሰፊዋ ሴት ልጃቸው፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ ያ ምላስህ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ይጥቀም» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ነው የተጠራው። የቀረው መኝታ ክፍሉ ነው። መድረኩን ሳያይ ከሄደብኝ አልችለውም።»

ተያይዘን ወደ ወጣቱ ፓስተር ሄድን።

«ፕሮግራሙ ሞልቷል» አለ፣ ስልኩን እየነካካ። «መዘምራን አሉ፣ ማስታወቂያ አለ። አባታችን ደግሞ… ታውቃላችሁ፣ አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም።»

«ጥሩት እንጂ!» አለች ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ። «እናንተ ባትጠሩት ሌላ እየጠራው ነው!»

ወጣቱ አልገባውም። እኔም በሚገባው ቋንቋ መጣሁበት። «ፓስተር፣ ቀብራቸው ላይ የምትናገረው አንተ ነህ። ‹ውድ አባታችን› ስትል ፊት ለፊትህ ቆሜ እስቃለሁ። ሳቄን መቼም ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። እሁዱን ሰጠ።

እሁድ ለባብሼ አዳራሹ ስገባ ሰዉ ፍየል የገባ ይመስል እየዞረ አየኝ። መጋቢ ልጃቸው ያጠበበችላቸውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወጣቱ በማይክሮፎን ጠራቸው።

«አቤት!» አሉ። ያ አቤት የሕፃን አቤት ነበር።

መድረኩ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ዓይናቸው በጭንቅላታችን ላይ አልፎ የኋላው በር ላይ አረፈ። ዞርኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማንም የለም።

«ትንሽ ይጠብቁኝ» አሉ በትሕትና። «ዛሬ እዚህ ተጠርቻለሁ።»

ጉባኤው ጸሎት መስሎት «አሜን» አለ። ልጃቸው ክንዴን ጨመደደችው።

ሰበኩ። ስለ እንግዳ አቀባበል ነበር። እንዲህ አማረላቸው ብል ውሸት ነው፤ እንደ ወትሮው ተንዛዙ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ ወገኖቼ፣ ላጠቃልል» አሉ። ድምፃቸው ግን ሳሳ፤ የምር ሊያጠቃልሉ ነው። ጀርባዬን የበሩ ነፋስ መታኝ። በሩ ላይ የቆመው የሚጠብቀው ይህንኑ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብድግ አልኩ። «ይቀጥሉ!» ብዬ ጮህኩ።

በዚያ አዳራሽ ይህን ቃል የተናገረ ምእመን ኖሮ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ምእመን እንኳ አይደለሁም። መጋቢ ሳቁና ቀጠሉ። እንደገና «ላጠቃልል» ሲሉ «ይቀጥሉ!» አለች ልጃቸው። ቀጥሎ መዘምራኑ ጮኹ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ወጣቱ ፓስተር ሰዓቱን ማየት ትቶ እንደ ሌላው አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። የመስኮቱ ብርሃን ከወለሉ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። መጋቢ ላብ በላብ ሆነው፣ እንደ ሙሽራ እያበሩ፣ «አሜን» አሉና ወረዱ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተ ነህ የጮህከው?»

«እኔ ነኝ።»

«በል ይበቃል። ሰው ደጅ አቁሜ ነው» አሉና ወጡ።

ልጃቸውን ሰዉ እያቀፈ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲላት እኔ ተከትያቸው ወጣሁ። ከሕንጻው ጀርባ፣ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ትንፋሻቸው ቆሟል። ሰው ትከሻ ላይ እንደተደገፉ ሁሉ ወደ ቀኛቸው አዘንብለዋል። በቀኛቸው ግን ማንም የለም። እንደዚያ ያዘነበለ ሰው መውደቅ ነበረበት፤ አልወደቁም።

ልጃቸው እንዲህ ሆነው እንዳታያቸው ብዬ በቀኛቸው ተቀመጥኩ። ክብደታቸው ትከሻዬ ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። የተቀመጥኩበት ድንጋይ፣ ሰው አሁን እንደተነሣበት፣ ሞቅ ያለ ነበር። ዘልዬ ተነሥቼ መሮጥ ነበረብኝ። ግን ሽማግሌው ተደግፈውኛል፤ ጥያቸው ወዴት እሄዳለሁ?