ከዳር ወይስ ከታንኳ

ሰው ውሃ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከዳር ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ የእግሩን ጣት ይነክራል፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱን፣ ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ወደ ኋላው ያያል፣ ሆዱን ሲነካው ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፣ ከዚያ ወዲያ ይግባም ይመለስም የራሱ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ከታንኳ መዝለል ነው። እግሩ የሚረግጠው ነገር የለም፤ ሐሳብ የሚለውጥበትም ጊዜ የለም። ገባ፤ በቃ።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሰው ወደ ሌላውም ነገር የሚገባው ከእነዚህ ባንዱ ነው። እኔ እርሻ የገባሁት ከዳር ነው፤ አባቴ መጀመሪያ አረም አሳረመኝ፣ ቆይቶ ጉልጓሎ አሳየኝ፣ ሞፈር ያስያዘኝ ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር ነው። ትዳር ግን ከታንኳ ነው የገባሁት፤ የሙሽራዪቱን ፊት በደንብ ያየሁት ከሠርጉ በኋላ ነበር። ትምህርት ቤትም ከዳር ገብቼ ነበር። ጉልበቴ ላይ ሳይደርስ ተመለስኩ።

በደርግ ጊዜ ከዳር መግባት የሚባል ነገር ቀረ። ጠዋት በሬህን ጠምደህ ትወጣለህ፤ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ እጅህን አውጥተህ ራስህን ታገኘዋለህ። ለምን እንዳወጣህ ጎረቤትህን ቀስ ብለህ ትጠይቀዋለህ፤ እሱም ካንተ ሊሰማ እየጠበቀ ኖሯል። ልጄ አንተነህም ወታደር የሆነው እንዲሁ ነው። ስሙ ተጠራ፣ ሄደ። እግረኛ ይሆናል ስንል ባሕር ኃይል ገባ። እሺ፣ መርከብ ላይ ይቀመጣል ስንል ደግሞ ጠላቂ አደረጉት። ጠላቂ ማለት ውሃ ውስጥ ገብቶ የመርከቡን ሆድ የሚፈትሽ ሰው ነው። እኔ መርከብ ሆድ እንዳለውም አላውቅም ነበር።

ይህን ያስረዳን ራሱ አንተነህ ነው፤ ለፈቃድ መጥቶ። እሱ ሲያስረዳ እናቱ እንጀራውን እንደጠቀለለች ቀረች።

ባለቤቴ አትጠገብ የሞጣ ልጅ ናት። የኛ ቤት ከብቸና የሱሃን ወንዝ ተሻግሮ ነው። አንድ ክረምት ታናሽ ወንድሟ ሊጠይቀን ሲመጣ ሱሃ ወሰደው። በኛ አገር ወንዝ ሲሞላ የሚሻገር ሰው ወገቡን በመጫኛ ይታሰራል፤ ጫፉን ዳር የቆመ ሰው ይይዛል። ገመድ ያዥ ዓይኑን አያምንም፤ ውሃ ዓይንን ያታልላል። የሚያዳምጠው እጁን ነው። ገመዱ ከተርገበገበ ሰውየው እየታገለ ነው፤ ደግ ነው። ገመዱ ዝም ካለ ግን ደግ አይደለም። ያኔ መጎተት ነው፤ ተጎትቶ ካልመጣ ደግሞ መግባት ነው። የአትጠገብ ወንድም ገና ሳይነጋጋ ስለደረሰ ገመድ የሚይዝለት ሰው አላገኘም። መጠበቅ ነበረበት። አልጠበቀም። ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት ሳይታሰር ውሃ የሚገባ የለም፤ ሱሃ ለቁርጭምጭሚት በማይደርስበት በበጋ እንኳ።

እንግዲህ አትጠገብ እንጀራውን ወደ መሶቡ መለሰችና ልጇን ጠየቀችው።

"እዚያ ባሕሩ ላይ ገመዱን ማን ይይዝልሃል?"

"ገመድ አያስፈልግም እኮ፣ እማ።"

ሌላ መልስ ቢሰጣት ኖሮ ይህ ወግ ባልኖረ ነበር። አትጠገብ ተነሣች። የአክስቷ ልጆች ጉንደ ወይን በረሃው አፋፍ ላይ ይኖራሉ፤ እዚያ ልልከው ነው፣ ማንም አያገኘውም አለች። ከፈቃዱ ያልተመለሰ ወታደር ምን እንደሚደርስበት፣ የደበቀውም ምን እንደሚደርስበት እናንተም ታውቃላችሁ፤ እሷም ታውቃለች። "የሚመጣውን አያለሁ፤ ውሃ የወሰደውን ግን አላየውም" አለች። አንተነህ ደግሞ ወታደር ቢሆንም የኛ ልጅ ነው፤ ሳትመርቀው እግሩ ከደጅ አይወጣም። እሷ አልመርቅም አለች። እሱ ሳልመረቅ አልሄድም አለ። የፈቃዱ ቀን እየተጎተተ ያልቃል። እኔ ማረሻ እስል ነበር። ሳስበው ማረሻው ከሚገባው በላይ ተሳለ።

በመጨረሻ አንተነህ "እንግዲያው ጣና እንሂድና ስጠልቅ እይኝ። አይተሽ ካልወደድሽው ጉንደ ወይን እሄዳለሁ" አለ።

ያን ጊዜ ያለ ወረቀት ከአውራጃ አውራጃ አይኬድም ነበርና ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘንድ ሄድኩ። የመንገዱን ምክንያት ጠየቀኝ። "ልጄ ውሃ ውስጥ ሲገባ ልናይ ነው" አልኩት። እስክሪብቶውን አንሥቶ ብዙ አየኝ። ከዚያ "የቤተሰብ ጉዳይ" ብሎ ጻፈ። በሥልጣን ዘመኑ ከጻፋቸው ሁሉ እውነተኛው ይህ ይመስለኛል።

አራት ሆነን፣ እኔ፣ አትጠገብ፣ አንተነህና ታናሽ እህቱ እናና፣ ብቸና ላይ የእህል መኪና ለምነን ጆንያ ላይ ተቀመጥንና አቧራ ለብሰን ሞጣ ገባን። እዚያ ያደርነው የአትጠገብ ታላቅ ወንድም ሞላ ቤት ነው። ሞላ ልብስ ሰፊ ነው፤ በዚያ ላይ የቀበሌው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነበር። እራት እንደተነሣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያለን አጀንዳ አንድ ነው። ከዳር ይግባ ወይስ ከታንኳ? ጓድ አንተነህ ያብራራልን።"

አንተነህ አብራራ። ከዳር ሲገባ መሬቱን እየረገጡ ነው፤ የደከመው ሰው ቆሞ ያርፋል፣ የከበደው ይመለሳል። ነገር ግን ዳሩ ጭቃና ደንገል ነው፤ ሲረግጡት ይደፈርሳል፣ ምንም አይታይም፣ ጥልቁ ለመድረስም ሩቅ ነው። ከታንኳ ከሆነ ግን በቀጥታ ጥልቁ ላይ ይወርዳሉ፤ ውሃው የጠራ ነው። ችግሩ መውጫው ላይ ነው፤ ታንኳን ነፋስ ይወስዳታል፣ ወጥተህ ቦታዋ ላይ ላታገኛት ትችላለህ።

"ላታገኛት ትችላለህ!" አለች አትጠገብ፤ የሰማችው ይህንኑ ብቻ ነው። "ከዳር ይግባ!"

"ከዳር ከሆነማ ለምን ጣና ድረስ እንደክማለን?" አለች እናና። "እዚሁ የአጋም በር ኩሬ ውስጥ ከበሬዎቹ ጋር ይግባልሽ።"

"አንቺ ምላስሽን ሰብስቢ።"

"በሥነ ሥርዓት!" አለ ሞላ። "እጅ በማውጣት እንወስናለን።"

እናናና ሞላ ለታንኳ እጃቸውን አወጡ። አንተነህ ጉዳዩ የሚመለከተው ስለሆነ ከድምፅ ተከለከለ። አትጠገብ ለዳር ሁለት እጇን አወጣች፤ ሞላ አንዱን አስወረዳት። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ ድምፀ ተዓቅቦ ነዎት?"

"ከዳር" አልኩ።

ሞላ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። "እኩል ለእኩል" አለ። በስብሰባ ሕይወቱ ሁለት ሐሳብ እኩል ሲሆን አይቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ሁለት ሐሳብ ሲቀርብም አይቶ አያውቅም። የሚያደርገው ጠፋው። በኋላ መላ መጣለት። መጀመሪያ ከዳር፣ ቀጥሎ ከታንኳ እንዲገባ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ልማድ ሆኖበት ራሱ አጨበጨበ፤ እኛም ልማድ ሆኖብን አጨበጨብን።

ሞላ ቤቱ ቀረ፤ እኛ አራታችን መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድረን ጣና ዳር ስንደርስ ፀሐዩ ገና ለጋ ነበር። አትጠገብ ከቤት ያመጣችውን መጫኛ ከጥቅሉ አወጣች። አንተነህ አልተከራከረም፤ ወገቡን ሰጣት። ቋጠሮውን ሦስቴ ሞከረችው። ከዚያ አንተነህ የባሕር ኃይል የመጥለቂያ መነጽሩን አጠለቀና ከዳር ገባ።

ምን ልበላችሁ? የደንገሉ ሥር ጠለፈው፤ ጭቃው ዋጠው፤ ውሃው ጠላ መሰለ። ገመዱ ደንገሉ ላይ ተጠምጥሞ እሱን ከመፍታት ደንገሉን ማጨድ ይቀል ነበር። ወጥቶ ሲቆም ከጭቃው በቀር የሚታየው መነጽሩ ነው።

"ይኼ ነው መጥለቅ?" አለች እናቱ። "ይህንንማ ወይፈኖቻችንም ያውቁበታል።"

እናና ሳቀች። አንተነህ አልሳቀም። ጉንደ ወይን ከፊቱ ድቅን ያለበት ይመስለኛል።

ቀጥሎ ታንኳ ተከራየን፤ ጠባብ ስለሆነች ከአንተነህና ከባለታንኳው ጋር የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ገመዱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋልና እኔ ገባሁ። አትጠገብ ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈችልኝ። ዋና እንደማልችል ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ባለታንኳው ቀዘፈ፤ ዳሩ ላይ የቀሩት ሰዎች አነሱ። "ከታች ድንጋይ ይዤ እወጣለሁ፤ እማ እንድታምን" አለ አንተነህ። አማተበና ወረደ።

ገመዱ ተርገበገበ። ደግ ነው። ወደ ታች ሳበኝ፤ ለቀቅሁለት። ከዚያ ዝም አለ።

አባታችን ሆይ ደገምኩ። ዝም። እመቤታችንን ጨመርኩ። ዝም። ጎተትኩ፤ አልመጣም። በሙሉ ጉልበቴ ጎተትኩ፤ የተጎተተችው ታንኳዋ ናት። ቀና ብዬ ወደ ዳሩ አየሁ። ከሩቅ የአትጠገብ ፊት አይለይም፤ ሁለት እጇን አናቷ ላይ መጫኗ ግን ይታያል። እሷም የገመድ አገር ሰው ናት። አጎታተቴን አይታለች።

ጋቢዬን ጣልኩ። ባለታንኳው "አንቱ ሰውዬ! አንቱ ሰውዬ!" ሲል ሰምቻለሁ።

ከታንኳ ስለ መግባት አሁን በእውቀት መናገር እችላለሁ። አረንጓዴ ነው። ቀዝቃዛ ነው። ወደ ላይ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ዓይኔን ገልጬ ልጄን ፈለግሁ፤ ያየሁት የራሴን እጅ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ከኋላዬ ብብቴን ያዘኝ፤ የያዘኝ ነገር ጠንካራ ነበር፤ እንደ ጆንያ ከፍ አድርጎ ወደ ብርሃን ወረወረኝ። አገጬ በአንድ እጅ መዳፍ ላይ ተቀምጦ ሰማይ አየሁ።

"አባ፣ አይታገሉኝ" ይላል ድምፁ በጆሮዬ። "ይዤዎታለሁ። ዝም ብለው ይተኙ።"

ዝም ማለትስ እችልበታለሁ። ተኛሁ። ታንኳዋን ነፋስ ወስዷት ስለነበር ሳይጠብቃት በጀርባዬ አንሳፍፎ እስከ ዳሩ ወሰደኝ፤ እያወራኝ። እኔን እየጎተተ ትንፋሹ አልተቆራረጠም።

ዳር ላይ ውሃ ስተፋ አትጠገብ በላዬ ቆማለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለኔ አይደለም።

"ገመዱስ?"

አንተነህ አንገቱን ደፋ። ታች ሲደርስ ገመዱ አላሠራው ስላለ ፈትቶ ቋጥኝ ላይ አሰረው። "አባ ክብደት ሲሰማቸው ልባቸው ያርፋል ብዬ ነው። በኛ ዘንድ ልምምድ ላይ ገመድ ዝም ካለ ሁሉ ሰላም ነው ማለት ነው።"

"በኛ ዘንድ" ያለው ባሕር ኃይሉን ነው። እኛ ደግሞ ሌላው "በኛ ዘንድ" ነን። አንድ ገመድ፣ ሁለት ጫፍ፤ በላይኛው ሞት ነው፣ በታችኛው ደህና ነኝ ነው።

አትጠገብ ብዙ ጊዜ አየችው። ከራሱ እስከ እግሩ። ከዚያ እኔን አየች፤ ወደ ዳር እንደተጎተተ እንጨት ተጋድሜ። ከዚያ ወደ ሐይቁ አገጯን ወረወረች።

"በል ሂድና አምጣው። ደህና መጫኛ ውሃ ውስጥ አይጣልም።"

እናና አፏን ከፈተች፤ በዓይኔ ዝም አሰኘኋት። አንተነህ ዋኘ፤ ታንኳዋ የነበረችበት ቦታ ደረሰ፤ ጠለቀ። ወገቡ ላይ ምንም የለም። ገመድ የያዘለትም የለም። አትጠገብ ለሐይቁ ጀርባዋን ሰጥታ ባለታንኳው ከውሃ አውጥቶ ያመጣውን ጋቢዬን ስትጨምቅ ነበር። ጨምቃ ስትጨርስ አራግፋ እንደገና ጨመቀችው፤ ግን አልዞረችም። ልጁ መጫኛውንም ቃል የገባውንም ድንጋይ ይዞ ሲመጣ መጫኛውን ተቀበለችና እዚያው ውሃ እየተንጠባጠበበት መረቀችው። ረጅም ምርቃት ነበር። ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ በመንገዳችን ያለፍናቸውን ደብሮች ሁሉ ጠራች።

አንተነህ በፈቃዱ መጨረሻ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፤ ዘመኑንም ጨርሶ በደህና መጣ። ድንጋዩ ዛሬም የጠላ ጋናችን ክዳን ላይ ነው። ሞላ ይህን ታሪክ ሞጣ ውስጥ ለማን እንዳላወራ አላውቅም፤ ሲጨርስ ሁልጊዜ "ለዳር ድምፅ የሰጠው ያው የዘለለው ነበር" ይላል ይባላል።

መጫኛው ግን አልተሰቀለም። አትጠገብ ልጇን ብትፈታ ለገመዱ ሌላ ሰው አገኘችለት። ክረምት ገብቶ ሱሃ ሲሞላ ብቸና ገበያ ስወጣ ወንዙ ድረስ ትሸኘኛለች፤ ወገቤ ላይ ታስራለች፣ ቋጠሮውን ሦስቴ ትሞክራለች፣ ጫፉን ለማንም ጎበዝ ሳትሰጥ ራሷ ትይዛለች። "አንቱን አላምንም" ትላለች። "ከታንኳ የዘለለ ሰው ከምንም ይዘላል።"

እኔ አልከራከርም፤ ቀስ ብዬ ከዳር እገባለሁ። ወንዙ መሐል ስደርስ አንዳንዴ ድንጋይ ተደግፌ ቆም እላለሁ። ገመዱ ዝም ይላል።

ወዲያው ይሳባል።

ለምን እንደምቆም ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝም አልናገርም።