በነጻ ያስተናገደን ሰው

ውድ ነገር ያናድደኛል እንጂ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ርካሽ ነገር ነው። በውድ የሚሸጥልኝ ሰው ቢያንስ ሐሳቡን አልደበቀኝም፤ ገንዘቤን ነው የፈለገው፣ ተግባብተናል። በርካሽ የሚሸጥልኝ ሰው ግን ከእኔ ምን ፈልጎ ነው? በነጻ የሚሰጠኝማ አይነሳ! በነጻ የሚሰጠኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ኪሴን ብቻ ሳይሆን ኩላሊቴንም መዳሰስ ያምረኛል። ይህን ጠባይ ከማንም አልወረስኩትም። ከሚሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ዕቃ እያስፈረምኩ ስኖር ያገኘሁት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፈገግ ብሎ ወደ ቢሮዬ የገባ ሰው ሁሉ ከመጋዘኑ የሚፈልገው ነገር ነበረው። እናንተስ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ፈገግታ ታምኑ ነበር?

ባለቤቴ ዘሀራ ሌላ ፍጥረት ናት። ሰው ታምናለች፤ የአየር ትንበያ እንኳ ታምናለች። ልጅ ሆና በትምህርት ቤት ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው ብለው አስተማሯት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ክረምት በመጣ ቁጥር የጨፋ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት መሀሉ ላይ የቀረችውን ጉብታ እያሳየሁ ይኸውልሽ ደሴት እላት ነበር። አልተቀበለችኝም። በመጨረሻ አንድ ዓመት ላይ፣ ሞባይል ገና ከተማችን ባልገባበት ጊዜ ነው፣ ወይ ባሕር ዳር ወስደህ ጣናን አሳየኝ ወይ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። ብቻዋን እንድትሄድ መፍቀድ የሚለውን ነገር በጣም ስለጠረጠርኩት አብሬ ለመሄድ ወሰንኩ።

መሄዳችን ሲሰማ ከሚሴ መካሪ ሆነች። ስምህን ለማንም እንዳትናገር አለኝ አንዱ። ፈገግ የሚል ሰው ካየህ መንገድ ቀይር አለኝ ሌላው። ቤቴ ግቡ የሚላችሁ ካለ እሱ ዋናው ነው ያሉኝም ነበሩ። ከመካሪዎቼ መካከል ባሕር ዳርን ረግጦ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ወልድያ አድረን በማግስቱ ሐሙስ ማታ ባሕር ዳር ገባን። ዓላማችን ርካሽ አልጋ መያዝ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ቦርጩ ወጣ ያለ ሰው ፈገግ ብሎ ያየናል። እኔና ዘሀራ ሰው አገር ስንሄድ የምንጨቃጨቀው በኦሮምኛ ነው፤ ገመናችን እንዳይወጣ። እናም ድምፄን ሳልቀንስ፣ በኦሮምኛ፣ ያ ሰውዬ ሐቱ ነው፣ ሌባ፣ ዓይኑን ከሻንጣችን አልነቀለም አልኳት። ሌባ እንዲህ ንጹሕ ለብሶ አይቆምም አለች። የተዋጣለት ከሆነ ይለብሳል አልኳት። ይሄኔ ሰውየው ጠጋ አለና "አካም ጅርቱ?" ብሎ ሰላምታ ከሰጠን በኋላ፣ ሐቱ እንዳልሆነ፣ ኑሩ እንደሚባል፣ ትውልዱም ጨፋ ሮቢት እንደሆነ ከእኔ በተሻለ ኦሮምኛ አስረዳን።

ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን ይበልጥ ጠረጠርኩ። ሌባ ብለው የሰደቡትን ሰዎች "ከከሚሴ ናችሁ አይደል? ስንጠብቃችሁ ነበር፣ ቤት እንግባ" የሚል ሰው ጤነኛ ነው? እኛ ደሴት ልናይ ነው የመጣነው፣ ማንም አይጠብቀንም አልኩት። ጠቀስ አደረገኝና "እሱማ እናውቃለን፤ ደሴት ልታዩ ነው!" ብሎ ከልቡ ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው? ዞር ስል ዘሀራ ሻንጣውን አስረክባ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። በእኛ አገር ቤት ግቡ ያለን ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ ስድብ ነውና ተከተልኳት።

እኔ ያኔ ያላወቅሁትን ለእናንተ አልደብቅም። የኑሩ ትልቁ ልጅ አሕመድ የከሚሴውን የሐጂ ዑመርን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሐጂ ዑመር ደግሞ መጀመሪያ ወንድሜ ቤታችሁን ይይ አሉ። በእኛ ዘንድ ልጅ ከመሰጠቷ በፊት የልጅቱ ወገን አጣሪ ይልካል፤ ቤቱ ሰላም ነው ወይ፣ ይሰግዳሉ ወይ፣ ጎረቤት ምን ይላል እያለ ያያል። አጣሪው አጣሪ ነኝ አይልም፤ የሚጣራውም አውቄሃለሁ አይልም። አማጩ ለኑሩ በጆሮው ሹክ ያለው ይህን ነበር፦ አጣሪው ከሚስቱ ጋር፣ ደሴት ሊያይ የመጣ መስሎ፣ ሐሙስ ይደርሳል፤ ስሙን አይነግራችሁም፤ ኮስታራ ሰው ነው፣ ቻሉት። አያችሁ? የአሕመድ ትዳር በእኔ እጅ ወድቋል። እኔ ደግሞ ሐጂ ዑመር የሚባሉ ሰው በከተማችን እንዳሉ ባውቅም ሴት ልጅ እንዳላቸው እንኳ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ሥራዬን ጀመርኩ። የበሩን መቀርቀሪያ ሞከርኩ። አልጋ ሥር አየሁ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሌላ በር እንዳይኖር ግድግዳውን አንኳኳሁ። ፍራሹን ገልብጬ ሳይ የኑሩ ሚስት ከዲጃ ብቅ አለች፤ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ "አብሽሩ፣ እንደ ቤታችሁ" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ። የገዛ ፍራሿ ሲገለበጥ አብሽሩ የምትል ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እራት ሲቀርብ እነሱ ሳይቀምሱ አልቀምስም አልኩ፤ ጨዋነቴን አደነቁ። በጉን ማን እንዳረደው ብጠይቅ አራጁን ራሱን ጠርተው አቀረቡልኝ። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ባለሱቅ ኑሩ ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩት። ሳልጨርስ ከወንበሩ ተነሥቶ የኑሩን ደግነት ይዘረዝርልኝ ጀመር፤ በጣም ስለበዛብኝ ይሄማ የሥራ ባልደረባው ነው ብዬ ደመደምኩ።

አሕመድን ለብቻው ያዝኩት። ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚገባ መረመርኩት። ልጁ ላብ አጠመቀው፤ ውሃ ሲቀዳልኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ንጹሕ ሰው ለምን ይንቀጠቀጣል? ለዘሀራ ይህን ብነግራት፣ አንተ ሰው ስትመረምር እኔም እንቀጠቀጣለሁ ብላ ወደ ከዲጃ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቀን እህትማማች ሆነው ነበር።

ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ በራቸውን ቆልፈው ደሴት ወሰዱን። ባለጀልባው የኑሩ ወዳጅ ነው፤ ክፍያ የለም ተባልኩ። ወዲያው ገባኝ! መሄጃው በነጻ ነው፣ መመለሻው ነው ጉዱ። መሀል ውሃ ላይ ኑሩ ያውና ጉማሬ አለኝ፤ ሁለት ጆሮ አየሁ፣ ጆሮ መሆናቸውን ግን እስካሁን አልፈርምም። ደሴቱ ላይ ጫካ፣ ቡና፣ በሣር የተከደነ አሮጌ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አገኘን። መነኩሴው ከወሎ መሆናችንን ሲሰሙ ጥላ ሥር አስቀምጠው ሎሚ ሰጡን፤ ገንዘብ አልጠየቁም፤ ሎሚውን አገላብጬ አየሁት። ዘሀራ ግን አልተቀመጠችም። ከዲጃን ይዛ የደሴቱን ዳርቻ በእግሯ ዞረች። ተመልሳ መጥታ፣ ጫማዋ ጭቃ ሆኖ፣ "ወላሂ በአራቱም በኩል ውሃ ነው!" አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ምን ያህል ዓመት እንዳስጠበቅኳት አስቤ ልቤ ተነካ፤ ጀልባውን መጠበቄን ግን አልተውኩም።

ጀልባው በነጻ መለሰን። ግራ ገባኝ።

እኛ ውሃ ላይ ሳለን፣ ለካ እውነተኛው አጣሪ፣ የሐጂ ዑመር ወንድም፣ የሐሙሱ አውቶቡስ አምልጦት ኖሮ ቅዳሜ ከሚስቱ ጋር ደርሶ የተቆለፈ በር ገጠመው። ባለሱቁን ሲጠይቅ፣ እነ ኑሩማ ከከሚሴ ለትዳር ጉዳይ የመጡባቸውን ሰዎች ደሴት ሊያሳዩ ሄደዋል ተባለ። እሱ ይህን ሲሰማ ምን ያስብ? እኛን እየጠበቁ የሌላ ልጅ ወገን ያስተናግዳሉ አለ፤ ስሙንም ሳይናገር ወደ መናኸሪያው ተመለሰ። ባለሱቁ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

እሑድ ጠዋት ልንሰናበት ስንል ኑሩ ሁለት ሽማግሌዎችንና ባለሱቁን ጠርቶ አስቀመጠ። ዱአ ተደረገ። ከዚያ ኑሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቤታችን ይኸው ነው፣ የተደበቀ ነገር የለንም፣ እንግዲህ ልጃችሁን ትሰጡናላችሁ ወይ አለኝ። በነጻ የሚሰጥ ሰው አይታመንም ብዬ የኖርኩት ለዚህ ቀን ነበር፤ በመጨረሻ ዋጋው ወጣ አልኩ በልቤ። እኛ ያሉን ሦስት ወንዶች ናቸው፣ ሴት ልጅ የለንም አልኩት። በጥያቄና በመልስ ነገሩ ሲፈታ ባለሱቁ የቅዳሜውን ሰውዬ አስታወሰ። አሕመድ አንገቱን ደፋ። ከዲጃ፣ "ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሻችንን የሚያገላብጡት ምን ፈልገው ነው?" አለችኝ። ሌቦች ትሆናላችሁ ብዬ ነው አልኩ።

ኑሩ አፍጥጦ አየኝና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑን ጠርጎ ለሚስቱ የመንገድ ስንቅ እንድትቋጥርልን ነገራት። እንግዳ እንግዳ ነው አለ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ልጁ ግን ቁርስ የበላሁበትን ሳሕን ሲያነሣ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከሚሴ ስንወርድ ዘሀራ ቤት አላስገባችኝም፤ ከአውቶቡሱ በቀጥታ ወደ ሐጂ ዑመር። ሐጂ በወንድማቸው አጠገብ ተቀምጠው ሙስበሐቸውን ይቆጥራሉ። ሁሉንም ተናገርኩ። ሌላ ልጅ እንደሌለች፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው እንዳየሁት፣ ልጁንም በላብ እስኪጠመቅ እንደመረመርኩት አስረዳሁ። ወንድማቸው በአፍንጫው ሳቀ። ሦስት ቀን በግ አርደው ያበሉት ሰው ሌላ ምን ይላል አለ። እውነቱን ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ሐጂ አመሰገኑኝና እስከ በሩ ሸኙኝ። በሩ ሲዘጋ አሕመድን አስቤ አዘንኩ።

በሳምንቱ ልጅቱ ተሰጠች የሚል ወሬ ሰማን። ሐጂ ዑመር ለካ እኔ ከወጣሁ በኋላ ሰው ልከው እኔኑ አጣርተውኛል! ጎረቤቶቼም ምንም አልደበቁም። ይሄ ሰውዬ አማቹ ማር ይዞለት ቢመጣ መጀመሪያ አማቹን ያስቀምሳል ብለዋል። መስጊድ ውስጥ ጫማውን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ሱጁድ ሲወርድ በአንድ ዓይኑ እያየው ነው የሚሰግደው ብለዋል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሙስበሐቸውን አስቀምጠው፣ እንዲህ ያለ ሰው ካመናቸው ከዚህ በላይ ምን ማጣሪያ አለ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ።

ኒካሁ ላይ ተጠርቼ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥኩ። ኑሩ አቅፎ ሳመኝ፤ አሕመድ ጉልበቴን ሳመ። ዘሀራና ከዲጃ በሚቀጥለው ዓመት ስለሚያዩት ሌላ ደሴት ያወሩ ነበር። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ያንን የጫማዬን ነገር የተናገረው ሰው ግን ከኋላዬ ሰልፍ ከሚሰግዱት ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ እያጣራሁ ነው።