እንግሊዝን ለጋሽ ሎይፋት ተዉት

እንግሊዝ ባንዲራውን በተከለበት ምድር ሁሉ፣ ከባንዲራው ቀድሞ ብቅ የሚል አንድ ሰው አለ፦ «እኔ አውቃቸዋለሁ» ባይ። ከሆንግ ኮንግ ደሴት ማዶ ባለችው መንደራችን ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ሎይፋት ናቸው። በወጣትነታቸው ሦስት ዓመት በእንግሊዝ መርከብ ላይ ድንች ልጠዋል። በቃ፣ ሊቅ ሆነው ወረዱ።

የንጉሠ ነገሥታችን ቤተ መንግሥት አገራችንን ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት ለእንግሊዝ አከራየ ሲባል፣ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሳቸው ጢማቸውን አሹ።

«ዘጠና ዘጠኝ ምን አላት! እኔ መርከብ ላይ የቆየሁት ይበልጣል። እንግሊዝን ለእኔ ተዉት!»

ተውንላቸው። «እንግሊዝ ልብስ የተሰጣበት ግቢ አይገባም» ሲሉን መንደሩ ሳምንት ሙሉ ልብስ አሰጣ። የእንግሊዝ ቀያሽ ገብቶ በእትዬ ሳምሙይ ሱሪ ላቡን ጠርጎ ወጣ።

«አዋቂው!» አለቻቸው እትዬ ሳምሙይ። «የሚቀጥለው ደግሞ ቀሚሴን ለብሶ ይሂድ?»

«ሱሪሽ ስለደረቀ ነው። እርጥብ ቢሆን አይገባም ነበር።»

አንድ ጠዋት ግን ቀልዱ አለቀ። ከመንደሩ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ሦስት ቀይ ባንዲራ ተተክሎ አገኘን። ሊቆርጡትና የፖሊስ ጣቢያ ሊሠሩበት ነው። ያ ኮረብታ መንደራችንን የሚጠብቀው ዘንዶ ጀርባ ነው፤ ልጆቻችንም ሩዛችንም በእሱ እስትንፋስ ነው የሚያድጉት። ለመቃብር እንኳ ዶማ ነክቶት አያውቅም። ጎረምሶቹ ጦር መሳል ጀመሩ። ጦር ላነሳው ጎረቤት መንደር የተሰጠውን የመድፍ መልስ ግን ሁላችንም ከዚሁ ሆነን ሰምተናል።

«ጦሩን አስቀምጡ!» ጮኹ ጋሽ ሎይፋት። «እንግሊዝ ሙት አይነካም። ኮረብታውን መቃብር እናድርገው!»

እኛ ሙታኖቻችንን ከዓመታት በኋላ አውጥተን፣ አጽማቸውን አጥበን በማሰሮ እናኖራለን። ያንን ማሰሮ ኮከብ ቆጣሪ ቀን ሳይቆርጥለት ከቦታው ያነሳ ሰው መዓቱ በራሱ ላይ ነው። ስለዚህ የራሱን ሙት ሊያነሳ የደፈረ አልተገኘም። ጎመን የምናኮመጥጥባቸውን አርባ ባዶ ማሰሮዎች ተሸክመን ወጣንና የአያቶቻችን አጽም እንዳለባቸው አድርገን ደረደርናቸው።

በማግስቱ የእንግሊዙ ሹም ከአሥራ ሁለት ወታደርና ከአንድ አስተርጓሚ ጋር መጣ። አስተርጓሚው የአገራችን ልጅ ነው፤ አፍንጫውም የአገራችን።

«ይሄ ማሰሮ ጎመን ጎመን ይሸታል፣ እናት።»

«ባሌ ጎመን ይወድ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና» አለች እትዬ ሳምሙይ። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ምራቁን ዋጥ አደረገ።

ሹሙ አልሳቀም። በዱላው ማሰሮውን ኳ አደረገው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። አንድ ነገር ተናገረ።

«አንዱ ይከፈት ይላል» አለ አስተርጓሚው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። «ባዶ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ይታሰራሉ፤ ኮረብታውም ዛሬውኑ ይቆረጣል።»

ዱላው ወደ ክዳኑ ተዘረጋ። ከቁጥቋጦው ኋላ ጦር ሲነሳ ሰማሁ።

«ቆይ!» ጋሽ ሎይፋት በዱላውና በማሰሮው መካከል ገቡ። «ከወለደችው ልጅ በቀር የሰው እናት ማንም አይከፍትም። መክፈት ካስፈለገ የእኔን እናት ልክፈትልህ።»

ዳር ላይ ወዳለችው ማሰሮ ሄደው ተንበረከኩ። አለቀልን አልሁ። ክዳኑን አነሱ።

ከታች የእግር አጥንት፣ ከላይ ራስ ቅል፤ በወጉ፣ በቀይ ጨርቅ።

ሹሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። ወታደሮቹ ባንዲራዎቹን ነቅለው ማዶ ወዳለው ራሰ በራ ጉብታ ወሰዷቸው።

«ባርኔጣ ካወለቀ ተሸነፈ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ሎይፋት። ክዳኑን ገጥመው እናታቸውን ሦስት ጊዜ እጅ ነሱ።

«እናትህን መቼ አመጣሃቸው?» አለች እትዬ ሳምሙይ በቀስታ። «እሳቸውን ያሳረፍክበትን ያንን የምሥራቅ ቦታ ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት አልለፋህም? ቀን አስቆርጠሃል?»

«ጊዜ የት ነበረኝ? እንግሊዝ ከፍቶ ማየት ይወዳል። ታውቂያለሽ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ።»

መዓቱን እስካሁን እየጠበቁት ነው፤ እኛም ከእሳቸው ጋር። በየዓመቱ መቃብር የምንጠርግ ዕለት ግን እትዬ ሳምሙይ ከራሷ ሙታን አስቀድማ ያቺን ማሰሮ ትጠርጋለች። እሳቸውም ከኋላዋ ቆመው ያርሟታል።

«እንዲህ አይደለም! እንግሊዝ ሲጠርግ ከግራ ነው የሚጀምረው።»

እሷም ከግራ ትጀምራለች።