ከግድግዳው ማዶ ያሉት ከፋይ

በየሰፈሩ ማስታወቂያ የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌባ አይፈራም፣ ጎርፍ አይፈራም፤ ፊልሙ መሃል ላይ ተቋርጦ አንዲት ሴት የልብስ ሳሙና ይዛ ብቅ ስትል ግን ወኔው ይከዳዋል። እዚህ ዴቬንተር ከተማ፣ የእኛ መንገድ ዕጣ ክቡር ገርሎፍ ቲገላር ናቸው። ዕድሜያቸውን ጀልባ እንዲያልፍ ድልድይ ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በአንድ ስስ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቴ።

ክቡርነታቸው ፊልም ያለማስታወቂያ ለማየት ብለው ለአንድ የቴሌቪዥን ድርጅት በየወሩ የሚከፍሉ ሰው ናቸው። ድርጅቱ ግን ባለፈው መስከረም «ጥቂት ማስታወቂያ ጨምረናል» ብሎ አረፈው። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ግድግዳዬን አልፎ የሚሰማኝ አንድ ቃል ነው፦ «ከፍያለሁ እኮ!» ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። ቴሌቪዥኑ እስካሁን መልስ አልሰጣቸውም።

ያላደረጉት የለም። የማስታወቂያ ወረቀት እንዳይጣልብን በየደጃችን የደብዳቤ ማስገቢያ ላይ የምንለጥፋትን «አይ፣ አይ» የምትል ተለጣፊ አምጥተው ቴሌቪዥኑ ግንባር ላይ ለጠፉ። «ለወረቀቱ ከሠራች ለዚህ የማትሠራበት ምን ምክንያት አለ?» አሉኝ ከልባቸው። በልደታቸው ቀን ደግሞ ክብ ሠርተን ኬካችንን ይዘን ተቀምጠን ሳለ በቴሌቪዥን የምናየው የበረዶ ሸርተቴ ውድድር በማስታወቂያ ተቋረጠ። እንግዳውን ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። በምርኩዝ የሚሄዱት አክስታቸው እንኳ አልቀረላቸውም። እኔም ኬኬን ይዤ ዞርኩ።

ሳቁ ያበቃው ኅዳር ላይ ነው። ማስታወቂያው ሳሙናውን እየተወ የልብ ኪኒን ማሳየት ጀመረ፤ ቀጥሎ የቀብር መድን መጣ። ክቡር ገርሎፍ በአጥሩ በኩል ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጎረቤቴ፣ ያውቃል።»

«ማን?»

«ቴሌቪዥኑ ነዋ። ደረቴን እንደሚያመኝ ለማንም አልተናገርኩም። ወጥ ቤት ሆኜ ለራሴ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ለሐኪም ደውለው ይንገሩት እንጂ።»

«በስልክ? አብደሻል እንዴ? ነገ የሬሳ ሣጥን ያሳየኛል።»

«ለእርስዎ እኩዮች ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚያሳየው» ብላቸው አልተዋጠላቸውም። ሐኪም ቤት ላድርስዎት ብላቸውም «ሰኞ» አሉኝ። ሰኞ ደግሞ ሌላ ሰኞ ወለደ። እሳቸው ማስታወቂያውን ሲፈሩ እኔ ደረታቸውን ፈራሁ።

ስለዚህ እሳቸው የሚያዩትን እኔም በየምሽቱ መክፈት ጀመርኩ። ማስታወቂያው ሲመጣ ጆሮዬን አቆማለሁ። «ከፍያለሁ እኮ!» ሲሉ ትንፋሼ ይመለሳል።

አንድ ሐሙስ ምሽት የቀብር መድኑ ዘፈን በግድግዳው ገባ። ጠበቅኩ። ዘፈኑ አልቆ ሌላ ማስታወቂያ ተከተለ፤ ከማዶ ድምፅ የለም። ከቤት ሲርቁ አበባቸውን እንዳጠጣ የሰጡኝን ቁልፍ ከመሳቢያ አውጥቼ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ወንበራቸው ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። አምቡላንስ ስጠራ አንድ እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው ነበር። አጠፋሁላቸው።

ዳኑ። ልጃቸው ዊበ አዘነላቸውና ከሁሉ ውዱን ክፍያ ከፈለላቸው፤ የማስታወቂያው ድራሹ ጠፋ። ከሆስፒታል በተመለሱ ዕለት ግድግዳው ጭጭ አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከእንግዲህ ደህና መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

እኔ ርካሹን ነው የያዝኩት፤ የእኔን ማስታወቂያ የነካው የለም። ባለ ሳሙናዋ ሴት ብቅ ስትል ተነሥቼ ግድግዳውን በጡጫ መታሁ። እንደገና መታሁ። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ያ ነጭናጫ ድምፅም ተከትሎ መጣ።

«ከፍያለሁ እኮ!»

ተቀመጥኩ። ሴትዮዋን ልብሷን አጥባ እስክትጨርስ ድረስ አየኋት።