በፊቴ ላይ የተቋቋመው ኮሚቴ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለዚህ በዚህ ቤት ሐሳብ የለኝም ተብሎ ከተወሰነ ቆይቷል። ይሁን። ግን ሰማንያ ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ፊት የእኔ ነው፤ በእሱ ላይ ኮሚቴ ሲቋቋም አባል እንኳ አላደረጉኝም።

ልጄ ራዲቮዬ ማዘጋጃ ቤት ሠላሳ ዓመት ያገለገለ፣ አርቆ አሳቢ ሰው ነው። እንደ መንደራችን ወግ፣ በአባቱ በድራጉቲን የመቃብር ድንጋይ ላይ ስሜንና የተወለድኩበትን ዓመት አስቀርጾ፣ የምሞትበትን ዓመት ቦታ ክፍት ትቶልኛል። ከእኔ የሚጠበቀው ያንን መሙላት ብቻ ነው። የቀረው ምስሌ ነበር፤ እሱም መንደሩ ሁሉ ስንዴ ቀቅሎ መቃብር ለሚወጣበት ለሙታን ቅዳሜ ከባሌ ምስል ጎን እንዲቀረጽ ታዘዘ።

በታብሌት ላይ በብዕር የምትሥለው የጎረቤታችን ልጅ ያጎዳ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዓይን ሠራች።

«አንድ ዓይን?» አለ ራዲቮዬ። «ኮምፒውተር አይደል እንዴ? ተጫኚው እንጂ።»

«ምኑን ልጫነው፣ ጋሽ ራዲቮዬ?»

«የሥዕሉን ቁልፍ ነዋ።»

«የሥዕል ቁልፍ የለውም። በእጄ ነው የምሠራው። ቆዳውን ብቻ ሃያ ጊዜ ደራርቤ ነው የምቀባው።»

«የእማዬ ቆዳ አንድ ነው» አለና ስብሰባ ጠራ።

ራዲቮዬ ሰብሳቢ፣ ምራቴ ሚሉንካ ጸሐፊ፣ ምስሉን ድንጋዩ ላይ የሚቀርጸው ድንጋይ ጠራቢ የቴክኒክ አማካሪ ሆኑ። የመጀመሪያው ውሳኔ፣ ሥራውን ለማፋጠን በየሰዓቱ ከልጅቱ ጀርባ ቆሞ «ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ብልህ ውሳኔ ነው፤ ልጅቱ ግማሽ ቀኗን «አልደረሰም» በማለት ታሳልፍ ጀመር። ሁለተኛውን ሚሉንካ አመጣችው።

«ሽብሽቡን ብንቀንሰውስ? ጊዜ ይቆጥባል።»

«የትኛውን?» አልኳት። «ይሄን የግንባሬን ባልሽ ነው የሠራው፤ አርባ ዓመት ፈጅቶበታል። ያጎዳ በሦስት ቀን ጨረሰችው።»

ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

ለቅዳሜው አምስት ቀን ሲቀር ያጎዳ ገና አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ድንጋይ ጠራቢው የድሮ ፎቶዬን ለስልኩ አሳየው፤ ስልኩ ደቂቃ ሳይሞላው ሥዕል አወጣ። ጥርሷ ሙሉ፣ አንገቷ መለሎ፣ ጸጉሯ ወገቧን ያለፈ ሴት።

«ቁርጥ እማዬን!» አለ ራዲቮዬ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ጠራቢውም ለቅዳሜ አድርሶ ድንጋዩ ላይ ቀረጸው። ያጎዳ ታብሌቷን አቅፋ ወጣች።

ቅዳሜ ራዲቮዬ የፕለም አረቄውን ይዞ ድንጋዩ አጠገብ እንግዳ ሲቀበል፣ ስድሳ ዓመት የማውቃት ስፓሴኒያ መጣች። ስሜ ከሥዕሉ ሥር ተጽፏል፤ እሷ ግን እንደ እኔው ናት፣ ፊደል አልቆጠረችም። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ቪዶሳቫ፣ ድራጉቲን ምን ነክቶት ነው?»

«አባዬ ምን አደረገ?» አለ ልጄ።

«ይቺን ልጅ መቼ ነው ያገባት?»

ወሬው ቀድሞን መንደር ወረደ። ማንበብ የሚችሉትም፣ ሴትዮዋ የእኔ ሞክሼ መሆን አለባት አሉ። ሁለት ጎረቤቶች ቤቴ ድረስ መጥተው አጽናኑኝ።

ሲነጋ ራዲቮዬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ያጎዳ ደጅ ቆመ። እኔም ሳልጠራ ተከተልኩት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አላት።

«ከኋላዬ ማንም ካልቆመ፣ አራት ወር።»

«እማዬ እስከዚያ...» ብሎ አየኝ።

«እኔ አልቸኩልም» አልኩት። «ስድስት ወርም ይፍጅባት፤ ሁለቱን ጥርሴንም እንዳሉ ትሣላቸው። አንተ ግን መዶሻህን ያዝና ያቺን ሴትዮ ዛሬውኑ ከአባትህ ጎን አንሣልኝ።»