ዘመድ የሌለበት ሐይቅ

ለእረፍት የሐይቅ ዳር ቤት ልትከራዩ አስባችኋል? ዓሣውና ንፋሱ ይቆያችሁ። ወሎ ውስጥ መጀመሪያ የሚጣራው፣ እዚያ ዘመድ መኖር አለመኖሩ ነው።

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነውና እኔና ልጆቹ ፊቱን የምናየው በስልክ ነው። ከጅማ ድረስ የመጣነው አንድ ሳምንት ለብቻችን ልንሆን ነበር። ኮምቦልቻ ያሉት አክስቴ ዘይነባ ግን ደረታቸውን መቱ።

«ኪራይ? አንቺ ልጅ፣ ዘመዶችሽ ሁሉ አልቀዋል ያለሽ ማነው?»

ሐይቅ ከተማን ብጠራ የአጎቴ አማቾች አሉ። አርዲቦ ሐይቅ ብል የአክስቴ ባል ወንድም አለ።

«ማይባር ሐይቅስ?» አልኳቸው።

ብዙ አሰቡ። «ማይባር እንኳ ማንም የለን» አሉ፣ እንደ መርዶ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ በሆዴ።

ማይባር ደርሰን ሻንጣ ሳናወርድ አከራያችን ጋሽ ሰይድ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ውሸት ሐራም ነው፤ ምን ላድርግ? አባቴን ጠራሁ፣ አያቴን ጠራሁ። ቅድመ አያቴ ላይ ስደርስ ሰውዬው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«የሐርቡ ሰዎች ልጅ? ታዲያ ዘመዴ አይደለሽም እንዴ! ኪራይ የምትይ ከሆነ ወላሂ እንጣላለን!»

«ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ በአላህ ይቀበሉኝ!»

ማን ሰምቶኝ? ዘመድ ብቻውን አያድርም ተብሎ ሚስታቸው፣ ልጆቻቸውና ፍራሾቻቸው ገቡ። በነጋታው አክስቴ ከነጎረቤቶቻቸው ደረሱ፤ አዲስ ዘመድ ተገኝቶ እንዴት ይቅሩ?

ባሌ ከወንዶቹ ጋር ሐይቁን ወደሚያየው ሳሎን፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ወደ ጓዳ ተመደብን። ሐይቁ እንዴት ነው ብዬ ብደውልለት፣ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።