መስኮቱን አየች

በእኛ ጊዜ ዕቅዱን ያላሳካ መሥሪያ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በደርግ ዘመን፣ ንፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ጥሬ ዕቃ ጠፍቶ ማሽኑ ሲቆም፣ መብራት ሲሄድ፣ ሠራተኛው ግማሽ ቀን ስብሰባ ሲውል፣ የእኔ ሪፖርት ምንጊዜም ከመቶ በመቶ አልፎ ፈቀቅ ይል ነበር። ዋሸሁ አልልም፤ ትንሽ አሳመርኩ እንጂ። አለቃዬም ለአለቃው ሲያስተላልፍ ትንሽ ያሳምራል፤ ወረቀቱ ከላይ ጫፍ ሲደርስ አገሩ በምርት ተጥለቅልቋል። እንዲህ ያለ እጅ ይዤ ማታ ማታ ቤቴ እንደምገባ ልብ በሉልኝ።

የመጀመሪያ ልጃችን ሰናይት የሁለት ወር ሕፃን ሳለች አንገቷ እንደማይዞር ያስተዋለችው ባለቤቴ አስካለ ናት። ጭንቅላቷ ወደ ግራ ትከሻዋ ያዘነብላል፣ ፊቷ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። እናቴ "አስተኛኘቷ ነው፣ ይለቃታል" አለች፤ እኔም ማመኑ ስለቀለለኝ አመንኩ። አስካለ ግን ልጅቷን ታቅፋ ሐኪም ቤት ሄደች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የአንገቷ ጡንቻ ማጠሩን ነገረቻት፤ በቀን አምስት ጊዜ ቀስ እያሉ ማሳሳቡንም አሳየቻት። ካልተሠራ አንገቷ እንደዚያው ሊቀር እንደሚችል አልደበቀቻትም።

አስካለ መካኒሳ፣ ገበሬ ቤት ያደገች ናት። ያልበቀለውን ማሳ በቅሏል ብሎ ማውራት እነሱ ቤት ምን ይፈይዳል? ደብተር አመጣች። ልጅቷን በጀርባዋ አስተኝታ፣ ባቄላ የጨመረችበትን የወተት ጣሳ እያንኳኳች ከቀኝ ወደ ግራ ትዞርና የሕፃኗ አገጭ እስከየት እንደተከተላት ትጽፋለች። ከአልጋው በስተግራ መጀመሪያ ሳጥኑ፣ ቀጥሎ መስኮቱ፣ መጨረሻ በሩ ነው። "ማክሰኞ። አምስት ጊዜ ተሠራ። በጣም አለቀሰች። ሳጥኑ ጋ አልደረሰችም።" እንዲህ ያለ ሪፖርት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም! አልተሳካም ብሎ መጻፍ፣ በማግሥቱ ደግሞ እጅጌን ሰብስቦ እንደገና መጀመር! እኔን እንኳን ልጽፈው ሳነበውም ያልበኝ ነበር።

አንድ እሑድ አስካለ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራችና ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። አንዴ ሳሳስባት ልጄ ጮኸች፤ ተውኩት። እጄ ግን እንደለመደው "አምስት ጊዜ ተሠራ። መስኮቱን አየች" ብሎ ጻፈ።

በቀጠሮው ቀን ባለሙያዋ ደብተሩን አንብባ ፊቷ በራ። "እንዲህማ ከሆነ ከእንግዲህ በቀን ሁለቴ ይበቃታል" አለች።

አስካለ መስመሩን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

"ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ የእሱ ጽሑፍ ነው። ልጅቷ ገና ሳጥኑ ጋ ናት። አምስቱ ይቀጥል።"

ምነው መሬት በዋጠችኝ አልኩ። ቤት ስንገባ "ፋብሪካህን እንደፈለግህ ጻፈው፤ የልጄን አንገት ግን እንዳለ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለወራት አንድ ቀን አላጓደለችም። ስብሰባ ላይ እንኳ ነጠላዋን አግዳሚ ወንበር ላይ አንጥፋ፣ መፈክሩ ከላይ ሲያስተጋባ እሷ ከታች አንገት ታሳስብ ነበር። ዛሬም ሳስበው ትደንቀኛለች።

አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ በሩን ስከፍት ሰናይት አልጋው ላይ እንደተኛች አገጯን ወደ ግራ አዙራ አየችኝ። ፊት ለፊት! ጮኼ ወደ ደብተሩ ተንደረደርኩ፤ አስካለ ቀደመችኝ።

"ቆይ። ውጣና እንደገና ግባ።"

ወጣሁ፤ ገባሁ። አየችኝ።

"አንዴ ደግሞ።"

እኔ የዕቅድ ክፍል ኃላፊው፣ ጎረቤት እያየኝ በገዛ ደጄ ተመላለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስገባ ልጄ ቀድማ ዞራ ትጠብቀኝ ነበር። አስካለ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና "በሩን አየች። ሦስት ጊዜ" ብላ ጻፈች።

ለአራተኛ ጊዜ ግን ማንም ሳያዘኝ ወጣሁ።